ጥያቄ አለኝ፦ ዲያቆኑ፣ አጎቱ እና ማስተርሱ

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ዲያቆን ነኝ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በታሪክ ይዣለሁ። አሁን አዲስ አበባ ሄጄ በነገረ መለኮት ማስተርሴን ለመማር አስቤአለሁ። ጓደኛዬ ‹የሃይማኖት ጥናት ይሻልሃል› ይለኛል፤ ልዩነቱ አልገባኝም። ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። የእናቴ ወገኖች ሙስሊሞች ናቸው፤ ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ የአረብኛ ፊደልም ያስቆጠረኝ እሱ ነው። የንስሐ አባቴ ‹ብዙ ከተማርክ ወላዋይ ትሆናለህ› ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ ‹እኛን ለመስደብ ነው የምትማረው?› አለኝ። ማመልከቻው ላይ ስለ ቤተሰቤ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ከመጨረሻው እጀምራለሁ፤ ያንገበገበኝ እሱ ነውና።

እናቴን ደሴ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ዘሃራ ይላታል። አባቴን ስታገባ ተጠምቃ ወለተ ማርያም ተብላለች፤ ሰፈሩ ግን ስሟን አልለወጠላትም። ኮሌጅ ልገባ ፎርም ስሞላ «የእናት ስም» የሚለው መስመር ላይ ብዕሬን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ ወለተ ማርያም ብዬ ጻፍሁ። ውሸት አልነበረም፤ ያሳፈረኝን ነገር ግን አውቀዋለሁ።

በዚያው ዓመት አንድ መምህራችን ስለ ፍትሐ ነገሥት ሲያስተምሩ፣ መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል-አሳል በአረብኛ ያጠናቀረው መሆኑን ነገሩንና ርእሱን በአረብኛ ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፉት። «የሚያነብልን አለ?» አሉ። እኔ አነበብሁት፤ በልቤ። አል-መጅሙዕ አስ-ሰፈዊ። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዙ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ራሳቸው አነበቡት፤ ያውም የ«መጅሙዕ»ን የመጨረሻ ፊደል፣ ዐይንን፣ ውጠው። እኔንም እንዳንተው አረብኛ ያስቆጠረኝ አጎቴ ቢሰማ በአለንጋ ነበር የሚያስተካክለው። እጄ ግን ከዴስኩ ሥር ቀረ። ሠላሳ ዓመት አልፎም ያቺ ሰሌዳ ትታየኛለች።

ስለዚህ የእናትህን ስም ቤት እንደምትጠራበት ጻፍ። አረብኛ ማንበብ እንደምትችልም ጻፍ፤ ያውም ከላይ። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ወደ ግዕዝ የተመለሱት መጻሕፍት አብዛኞቹ የመጡት ከአረብኛ ነው፤ በየማለዳው የሚነበበው ስንክሳር ጭምር። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከየመን የመጣ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለግራኝ አሕመድ ብሎ የጻፈው አንቀጸ አሚን የተባለ መጽሐፍ ቁርኣንን እየጠቀሰ ነው የሚከራከረው። የንስሐ አባትህ «ወላዋይ» ሲሉህ፣ እጨጌ ዕንባቆምን ምን እንደሚሏቸው በትሕትና ጠይቃቸው። በትሕትና አልሁህ፤ ለኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፍልህ ከአጥቢያህ ነው።

ወደ ልዩነቱ ልምጣ። በመጽሐፍ ትርጓሜ ከማስረዳህ ከደሴ ወጣ ብለህ ቦሩ ሜዳ ላይ ብትቆም ይሻላል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ እዚያ ጉባኤ አድርገው፣ በክርስቲያኖች መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ልደት ለብዙ ዘመን የቆየው የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር በተዋሕዶዎች አሸናፊነት ተቋጨ። የነገረ መለኮት ተማሪ የሚጠይቀው፣ «ቅብዐቱ ምን ማለት ነው? ልደቱ ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ሊቃውንቱ በምን ጥቅስ ረቱ?» እያለ ነው። ጥያቄው ከእምነቱ ውስጥ ቆሞ የሚጠየቅ ነው፤ መልሱ ያድነዋል ወይም ያሳስተዋል፤ ግድ ይለዋል። የካንተርበሪው አንሰልም ይህን ትምህርት «ማስተዋልን የምትሻ እምነት» ሲል የጠራው ለዚህ ነው።

የሃይማኖት ጥናት ተማሪ ደግሞ በዚያው ሜዳ ላይ ሌላ ነገር ያያል። ከጉባኤው ጋር የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ሼኽ ጦልሃ ደግሞ አሻፈረኝ ብለው ተነሡ። ይህ ተማሪ የሚጠይቀው «የተጠመቀው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ብሎ ጸለየ? ልጁን በየትኛው ስም ጠራ? ንጉሥ አንድ እምነት የሚፈልገው ለምንድን ነው?» ብሎ ነው። ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ ሥራው አይደለም። የዚህ ጥናት አባት ከሚባሉት አንዱ ማክስ ሙለር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870 ለንደን ላይ «አንዱን ብቻ የሚያውቅ አንዱንም አያውቅም» ብሎ ነበር። (ቁጥሩ ከቦሩ ሜዳው ጋር አንድ ሆኖ ዘመኑ በስምንት ዓመት መለያየቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።)

አንተ የቱ ነህ? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ጭንቀቴ» ያልኸው ስለ ሰው ነው፤ ስለ አጎትህ፣ ስለ ንስሐ አባትህ። ስለ ክርስቶስ ግራ የገባህ አይመስለኝም። ቢሆንም ነገረ መለኮቱን ተማር እላለሁ፤ ቤትህን በደንብ ሳታውቅ የጎረቤትን ቤት ስትገልጽ ምሰሶውን ከማገሩ ታምታታለህ። መመረቂያ ጽሑፍህን ግን ቦሩ ሜዳ ላይ ወይም የመሰለው ላይ ሥራ፤ ሁለቱንም ጥያቄ ጠይቅ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ስለሚል፣ ነገረ መለኮትን የምታገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ኮሌጆች ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አንዱ ነበረ፤ ያ ቀርቷል። ስለዚህ በግራ እጅህ የዩኒቨርሲቲዎቹን የታሪክና የፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት) ቤተ መጻሕፍት ያዝ። ስለ ደመወዙ አልጠየቅኸኝም፤ ጎሽ።

አሁን አጎትህ። የእሱ ጥያቄ ከንስሐ አባትህ ይከብዳል። «አይደለም አጎቴ» ብለህ አታልፈው። ስለ እስልምና የምትጽፈውን እያንዳንዱን ገጽ ከአማካሪህ በፊት ለእሱ አንብብለት። «ይሄ እኛ አይደለንም» ካለህ ቅደደው። ቢስማማ ማለቴ አይደለም፤ ራሱን ካወቀበት ይበቃል።

ደግሞ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ጽሑፍ እንዳትጽፍ። ቴሌቪዥን ወሎን ባነሣ ቁጥር «መቻቻል» ይላል። የሚቻለው የጥርስ ሕመም ነው፤ አጎት አይቻልም። እኅቴ ስትዳር ሁለት ሰንጋ ታረደ፤ አንዱ በአጎቴ ቢስሚላህ፣ አንዱ በአባቴ በስመ አብ። ሁለት ዳስ ተጣለ። የሙስሊሞቹ ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ነበር። አንዲት አክስቴ፣ ጭልፋው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እንዳይሻገር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አመሸች። አንድ ችኩል ጎረምሳ ቢሳሳት እጁን በማማሰያ መታችው። ሽሮውና ዳቦው ግን ለሁለቱም ዳስ ከአንድ ሌማት ወጣ፤ ቡናውም ከአንድ ጀበና። ማንም «ሥጋ ሁሉ ሥጋ ነው» አላለም፤ ቢል ሁለቱም ዳስ ይነሣበት ነበር። ስትጽፍ ያቺን አክስቴን አስባት፤ የሚለያይበትን በትክክል ታውቃለች፣ ሁለቱንም ታበላለች።

«የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ሙስሊም ነኝ፤ የቋንቋ መምህርት ነኝ። የክርስትና ነገረ መለኮት በማስተርስ ደረጃ ማጥናት እፈልጋለሁ። ይፈቀድልኛል? ሰው ምን ይላል?»

ሰው ይላል፤ ሲል ይደክመዋል።

የቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች ዋና ሥራቸው የራሳቸውን አገልጋዮች ማውጣት ስለሆነ፣ ከአጥቢያ ደብዳቤ ሲሉሽ ትቸገሪያለሽ። መንገድሽ ፊሎሎጂ ነው። በዚያ በኩል የክርስቲያን ብራና የሚያነብ ሁሉ ክርስቲያን መሆን የለበትም፤ የወሎን መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም በአረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ የሚያነብም ሁሉ ሙስሊም መሆን የለበትም። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በአንዱ በር፣ የቁርኣን ተማሪው ደረሳ በሌላው በር ሲመጡ ውሻችን ለሁለቱም እኩል ይጮህ ነበር፤ እናቴም ለሁለቱም ከአንድ ሞሰብ ትቆርስ ነበር።

ግዕዙን አትፍሪ። አረብኛ ከቀራሽ ግማሹን ታውቂዋለሽ። ከቁጥር ጀምሪ፦ አሐዱ ስትይ አሐድ ትሰሚያለሽ፤ ሠለስቱ ሠላሠ፣ አርባዕቱ አርበዓ፣ ኀምስቱ ኸምሳ፣ ሰብዐቱ ሰብዓ፣ ዐሠርቱ ዐሸራ። ሁለት ላይ ብቻ፣ ክልኤቱ ሲመጣ፣ ጆሮሽ አይረዳሽም። እሱን መሸምደድ ነው።