አሜሪካ በ1898ቱ ጦርነት ስፔንን አሸንፋ ፊሊፒንስን ስትይዝ ኩባን ለምን ተወች? (መልስ)

ልዩነቱን ያመጣው አስቀድሞ የተገባ ቃል ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በሚያዝያ 1898 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የቴለር ማሻሻያ (በጦርነቱ ውሳኔ ላይ የታከለ አንቀጽ) ኩባን ግዛቱ እንደማያደርግ አስታወቀ። ስለ ፊሊፒንስ፣ ፖርቶ ሪኮና ጉዋም ግን አንዳች አላለም። በታኅሣሥ በተፈረመው የፓሪስ ውል ሦስቱም ተወሰዱ፤ ለፊሊፒንስ ስፔን 20 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላት።

ነገር ግን «ኩባ በ1902 ሙሉ ነጻ ወጣች» ብለህ እንዳትጽፍ። እኔ በተማሪነቴ ጽፌው መምህሬ በቀይ ብዕር አስምረውበታል፤ ልክ ነበሩ። የ1901ዱ የፕላት ማሻሻያ (ይህም የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው) ለአሜሪካ በኩባ ጣልቃ የመግባት መብት ሰጠ፤ ይባስ ብሎ ኩባውያን ይህንኑ በገዛ ሕገ መንግሥታቸው እንዲያሰፍሩት ተገደዱ። በኩባ ያለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ጓንታናሞም በ1903 በኪራይ የተወሰደው በዚሁ በር ነው።