ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ኬሚስትሪ ታነባለች፤ ውጤቷ ግን አይመጣም

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለችኝ። ለኬሚስትሪ ፈተና ሌሊቱን ስታነብ ታድራለች። በቀደም የደበቀችውን የፈተና ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁት፤ ከ100 38 ነው ያመጣችው። አባቷ «ሰነፍ ናት፣ ስልኳ ላይ ነው የምታመሸው» ይላል። እኔ እሟገትላታለሁ። ቤታችን የጭቅጭቅ ቤት ሆኗል። እሷም ክፍሏን ዘግታ መዋል ጀምራለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከ38ቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ መደበቁ ነው። ልጅ ወረቀት የሚደብቀው ከወረቀቱ በኋላ የሚመጣውን ንግግር ፈርቶ ነው። እርስዎ ስለ እሷ ሲሟገቱም በበሩ በኩል የሚሰማት የራሷ ስም ነው። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር የሚነጋገሩት እሷ በሌለችበት ይሁን።

ሌሊት ቁጭ ብላ የምታነብ ልጅ ሰነፍ አትባልም። ጥፋቱ አጠናኗ ላይ ይመስለኛል። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ፣ ማስመር፣ የተሠራን ጥያቄ አይቶ «ገብቶኛል» ማለት ያዘናጋል። ዓይን ስለለመደው ብቻ ያወቅን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈትሸዋል። አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንዴ አንብበው ያስታወሱትን በወረቀት የጻፉት በለጡ፤ 56 በመቶ ለ42።

ኬሚስትሪ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ትምህርቱ እርስ በርሱ የተያያዘ ነውና። ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) በደንብ ያልገባው ተማሪ ስቶይኪዮሜትሪ (በኬሚካል ለውጥ የሚገባውና የሚወጣው መጠን ስሌት) ይከብደዋል፣ ቀጥሎ ኮንሰንትሬሽን (በፈሳሽ ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን) ይከብደዋል። አንድ ሌሊት ይህን ሁሉ አይሞላም። እስቲ ደብተሯን ዘግታ አንድ ጥያቄ ትሥራ፦ 36 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው? «ለ18 አካፍዬ 2» ካለች ጥሩ ነው። ከዚያ «18 ከየት መጣ?» ይበሏት። የአንድ ሞል ውሃ ክብደት 18 ግራም መሆኑን፣ ከሁለት ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን እንደሚመጣ ካስረዳች ገብቷታል። ዝም ካለች ቀዳዳውን አገኛችሁት። እርስዎ ኬሚስትሪ ባያውቁም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ጥሩ ጥናት ነው።

የአንድ ሌሊቱን አምስት ሰዓት በሳምንቱ ቀናት ላይ በትኑት። በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ስልኳ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሲጀመር የትናንቱን ሳታይ ትጻፍ፣ ከዚያ አዲስ ጥያቄ ትሥራ። የፈተናዋ ዋዜማ ለእንቅልፍ ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ያጠናችውን አእምሮዋ የሚያደላድለው ስትተኛ ነው።

ባለቤትዎም ቢሆን «ሰነፍ» የሚሉት ከስጋት ይመስለኛል። ክርክሩን ትተው ሥራ ይስጧቸው። ማታ ማታ የዘጋችውን ደብተር ይዘው የሚጠይቋት እሳቸው ይሁኑ። ብትሳሳት ግን ቁጣ የለም፤ «የቱ ጋ ነው የጠፋብሽ?» ብቻ።

ያንን ወረቀት ዛሬ ማታ ይዘውላት ይግቡ። ቦርሳዋን መክፈትዎን ይንገሯት፣ ይቅርታም ይጠይቋት። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠው የተሳሳተቻቸውን አንድ በአንድ እዩ፦ ስሌት ነው የሳተችው፣ ጥያቄው ነው ያልገባት ወይስ ትምህርቱ? መጀመሪያ ላይ ዝም ልትል ትችላለች። አይቸኩሉ፣ አብረዋት ይቀመጡ።