የተቀየረ የመኪና ቴፕ አውጥቶ የፋብሪካውን ስለመመለስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ያገለገለ መኪና ከገዛሁ ብዙም አልቆየሁም። የቀድሞው ባለቤት የፋብሪካውን ሬዲዮ አስወጥተው ባለ አንድ ረድፍ ቴፕ ያስገጠሙ ሲሆን፣ የመጀመሪያውንም በካርቶን አድርገው አብረው አስረክበውኛል። መኪናው ለጥቂት ቀናት ሳይነሣ ከቆመ ባትሪው ስለሚወርድ የምጠረጥረው ቴፑን ነው። ላወጣው ብሞክር ግን ፊቱ ላይ አንድም ብሎን አይታይም፤ ጠርዙን በካቻቢቴ ስፈለቅቅ ደግሞ የክሩስኮቱ ፕላስቲክ መሰንጠቅ ጀመረ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ካቻቢቴውን ያስቀምጡት። ከዚያም ምንም ነገር ከመንቀልዎ በፊት ቴፑ በእርግጥ ጥፋተኛ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያለ ጥፋቱ ወጥቶ ባትሪው መውረዱን የሚቀጥልበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያውን) በ10 አምፒር መለኪያው ላይ አድርገው፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትተው በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ያገናኙት። ቁልፉ ወጥቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ መኪናው ለተወሰነ ደቂቃ ከተረጋጋ በኋላ የሚነበበው ቁጥር በአብዛኛው ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ሊሆን ይገባል። ግማሽ አምፒር ካነበበ ግን በቀን 12 አምፒር ሰዓት እየፈሰሰ ነው ማለት ስለሆነ፣ ባለ 48 አምፒር ሰዓት ባትሪ በአራት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ጊዜ የቴፑን ፊውዝ ሲነቅሉ ቁጥሩ ከወረደ ጥርጣሬዎ ትክክል ነበር። ቴስተሩ እንደተገናኘ ሞተር ለማስነሣት ግን ፈጽሞ አይሞክሩ።

ወደ ማውጣቱ ስንመለስ፣ ብሎን ያላዩት ስለሌለ ነው። እንዲህ ያለው ቴፕ ባብዛኛው የሚቀመጠው በስስ የብረት ማቀፊያ ውስጥ ነው። ማቀፊያው ስፋቱ 180፣ ቁመቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው ክፍተት ውስጥ ብቻውን ገብቶ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ምላሶች ይታጠፉና ክሩስኮቱን ነክሰው ይይዛሉ፤ ቴፑም እንደ መሳቢያ ተንሸራትቶ ይገባና በግራና በቀኝ ይቆለፋል። ስለዚህ ተነቃዩን ፊት ያውጡ፣ ዙሪያውን ያለውን የፕላስቲክ ክፈፍ በጣትዎ ላላ አድርገው ያንሡ፤ ከዚያ አብረውት የሚሸጡትን ሁለት ጠፍጣፋ መክፈቻዎች በሁለቱም ጎን ቀጭ እስኪሉ ድረስ አስገብተው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። መክፈቻዎቹ ከጠፉ፣ ቅርጻቸው እንደየአምራቹ ስለሚለያይ የቴፑን ስምና ሞዴል ይዞ ተመሳሳዩን መፈለግ ይሻላል። ትንሽ ወጥቶ እምቢ ካለ ከኋላው በብሎን የታሰረ የብረት ማሰሪያ ይኖራል፤ ይህን ፈትቶ መልቀቅ እንጂ መታገል አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜም ከፊተኛው ተሳፋሪ ወንበር ፊት ለፊት ያለውን የዕቃ ሣጥን በማውረድ ይደረስበታል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ግን ቁልፉን አውጥተው፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ አስቀድመው ከፈቱ በኋላ ነው። ከቴፑ ጀርባ ያለው ቢጫ ገመድ መኪናው ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አይለየውም፤ የተራቆተ ጫፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ይበራቃል፣ ፊውዝም ያቃጥላል። በአካባቢው የኤርባግ መስመር ካለ ባትሪውን ከፈቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። የኤርባግ ሶኬትና መሸፈኛም አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ስለሆነ ከቴፑ ቢጫ ገመድ ጋር እንዳያምታቱት፤ እርሱን ጨርሶ አይንኩት።

ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ቴፑ ከወጣ በኋላ ነው። ገጣሚው አዳፕተር (የመኪናውን ሶኬት ሳይቆርጡ ከቴፑ ገመዶች ጋር የሚያገናኝ መሸጋገሪያ) ተጠቅሞ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ አዳፕተሩን ነቅለው የመኪናውን ሶኬት በፋብሪካው ሬዲዮ ላይ ይሰካሉ። የፋብሪካውን ሶኬት ቆርጦ ጥሎት ከሆነ ግን ገመዶቹን አንድ በአንድ መለየት ግድ ይላል። በአብዛኞቹ ተለዋጭ ቴፖች ላይ ቢጫው ቋሚ ኃይል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ ኃይል፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ስፒከር ሲሆኑ፣ ጥቁር መስመር ያለባቸው የየራሳቸው ኔጋቲቭ ናቸው። ይህ ቀለም የሚያገለግለው ግን ለቴፑ ወገን ብቻ ነው፤ በመኪናው ወገን ያለው እንደየአምራቹ ስለሚለያይ በቴስተር እንጂ በቀለም አይመኑ። የስፒከር ኔጋቲቮችንም ከመኪናው ብረት ጋር አያገናኙ፤ የሬዲዮውን ማጉያ ያበላሻል። ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ተጠምዘው በቋሚ ኃይል ላይ ታስረው ካገኟቸው፣ ባትሪዎን ያወርድ የነበረው ይኸው አያያዝ ሊሆን ይችላል። በዚህ ደረጃ ለእኔ የሚታየኝ፣ ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራ ሶኬት ገዝቶ በሊድ ማስበየድ፣ ገመድ ጠምዝዞ ፕላስተር ከመጠቅለል እጅግ የተሻለ መሆኑ ነው፤ ፕላስተሩ በሙቀት ይላቀቃል።

ካርቶኑንም አሁኑኑ ይፈትሹ። በብዙ የጃፓን መኪኖች የፋብሪካው ሬዲዮ የሚታሰረው በጎንና በጎኑ ባሉ ሁለት የብረት ክንፎች ስለሆነ፣ እነርሱና ብሎኖቻቸው ከሌሉ ሬዲዮው ክፍተቱ ውስጥ ይንጓጓል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካውን ሬዲዮ መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ኮድ ጠየቀኝ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ እየገመትኩ ብሞክርስ?

መልስ፦ አይሞክሩ። ኮዱ ለሌባ መከላከያ የተደረገ በመሆኑ፣ ተደጋግሞ ከተሳሳተ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ለተወሰነ ጊዜ፣ አንዳንዶቹም ባለሙያ እስኪከፍታቸው ድረስ ይቆለፋሉ። ቁጥሩን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር ባለች ትንሽ ካርድ ላይ፣ በዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ወይም በሬዲዮው አካል ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይፈልጉ። ካጡት ሬዲዮውን አውጥተው በአካሉ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር ይጻፉና ከመኪናው ባለቤትነት ማረጋገጫ ጋር ለአምራቹ ወኪል ያቅርቡ።