ጂዲቢ አምባሰልን «ቅኝት» ብሎ ሲያትም፦ እውነተኛውን ታይፕ ማወቁን እንዴት እንፈትናለን?

ጠያቂያችን ከኮምቦልቻ እንዲህ ብሏል፦ «በሲ ፕላስ ፕላስ ቅኝት የሚባል ቤዝ ክላስ አለኝ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይወርሱታል። በቅኝት ፖይንተር የያዝኩት ኦብጀክት አምባሰል መሆኑን እያወቅኩ ጂዲቢ ‹ቅኝት› ብቻ ይለኛል። የተበላሸው ዲበገሩ ነው ኮምፓይለሩ? በምንስ ልፈትነው?»

አብሽር ወንድሜ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱም አልተበላሸም። ጂዲቢ ካልነገርከው በቀር የሚያሳየው ፖይንተሩ በኮዱ ላይ የተጻፈለትን ታይፕ ነው። እውነተኛውን እንዲያሳይ «ሴት ፕሪንት ኦብጀክት ኦን» በለው፤ ዲፎልቱ ኦፍ ነው። (ትዕዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው፤ ስትተይባቸው በላቲን ናቸው።)

ለመፈተን ግን ይህ አይበቃም። መጀመሪያ ጂዲቢ እውነተኛውን ታይፕ ከየት እንደሚያመጣው እንይ። ብዙ ሰው ታይፕአይዲ ከሚጠቀምበት የታይፕኢንፎ መዝገብ የሚያነብ ይመስለዋል። አይደለም። ጂሲሲና ክላንግ የሚባሉት ኮምፓይለሮች በሊኑክስ ላይ የሚከተሉት የኢታኒየም ኤቢአይ (ኦብጀክት በሜሞሪ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስን ስምምነት) ነው፤ በዚያ ላይ ጂዲቢ የሚሄደው እንዲህ ነው፦ ከኦብጀክቱ ቪፖይንተሩን (ወደ ክላሱ የቨርቹዋል ፈንክሽኖች ሠንጠረዥ፣ ማለትም ወደ ቪቴብሉ የሚያመለክተውን) ያነባል፣ ይኸውም በ64 ቢት ማሽን 8 ባይት ነው። ያ አድራሻ የትኛው የሊንከር ሲምቦል (ሊንከሩ ለአንድ አድራሻ የያዘው ስም) ውስጥ እንደወደቀ ይፈልጋል። የሲምቦሉን ስም ሲፈታው «ቪቴብል ፎር አምባሰል» ያገኛል። «ቪቴብል ፎር» የሚለውን ይቆርጥና የቀረውን ስም በድዋርፍ ዲበግ መረጃው (ኮምፓይለሩ ለዲበገሩ ጽፎ በሚያስቀምጠው የታይፖችና የመስመሮች መግለጫ) ውስጥ ይፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ከተበጠሰ መልሱ ይጠፋል። ስለዚህ ደህና ፈተና ማለት እያንዳንዱን ሆን ብሎ በጥሶ ዲበገሩ ምን እንደሚል ማየት ነው።

ፕሮግራሙን በሦስት ፋይል አድርገው። ቅኝት ቨርቹዋል ዲስትራክተርና አንድ ኢንት ይኑረው። አምባሰል በራሱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ «ዜማ» የሚባል ቨርቹዋል ፈንክሽን ይኑረው፣ ገላው ከክላሱ ውጭ ይጻፍ። እዚያው ፋይል ውስጥ «ፍጠር» የሚል ፈንክሽን አዲስ አምባሰል ሠርቶ የቅኝት ፖይንተር ይመልስ። ሜይን የሚያውቀው ቅኝትንና «ፍጠር»ን ብቻ ይሁን፤ የተመለሰለትን ፖይንተር «ኬ» ይበለው። ይህ አከፋፈል ለምን እንዳስፈለገ ከታች ይታይሃል።

በ«-ጂ -ኦ0» (ከዲበግ መረጃ ጋር፣ ያለ ኦፕቲማይዜሽን) ኮምፓይል አድርግና ብሬክፖይንቱን «ፍጠር» ከተጠራበት ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ አኑር። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሳሳተው፦ ብሬክፖይንት የሚያቆመው መስመሩ ሳይሠራ ነው። ጥሪው ያለበት መስመር ላይ ካቆምክ ፖይንተሩ ገና ቆሻሻ ነው፤ የምታየው ማስጠንቀቂያም ስለ ዲበገሩ ምንም አይነግርህም። ከቆምክ በኋላ ፕሪንት ኦብጀክት ኦፍ እንደሆነ «ፒ *ኬ» ብትል እንኳ ውስጡ ይህ አለ፦

_ቪፒቲአር.ቅኝት = 0ኤክስ... <ቪቴብል ፎር አምባሰል+16>

መልሱ እዚያው ተጽፏል ማለት ነው። 16 የሆነው ቪፖይንተሩ የሚያመለክተው ከሠንጠረዡ መጀመሪያ ሳይሆን ከሁለት ባለ 8 ባይት ሳጥኖች በኋላ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ኦፍሴት ቱ ቶፕ (እስከ ኦብጀክቱ መጀመሪያ ያለው ርቀት) ነው፣ ሁለተኛው የታይፕኢንፎው አድራሻ። ሁለቱን በዓይንህ ለማየት፦

ኤክስ/2ጂኤ *(ሎንግ *)ኬ - 16

0 እና «_ዜድቲአይ8አምባሰል» ይወጣሉ። 8 ቁጥሯ ስሙ በላቲን ሲጻፍ ያለው የፊደል ብዛት ናት።

አሁን ፕሪንት ኦብጀክትን አብራና ወደ መበጠሱ እንሂድ። መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል በ«-ኤፍ-ኖ-አርቲቲአይ» ኮምፓይል አድርግ፤ አርቲቲአይ የሚባለው ያ የታይፕኢንፎ መዝገብ ነው፣ ይህ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ሳጥን ዜሮ ይሆናል፤ ጂዲቢ ግን አሁንም «አምባሰል *» ይላል፣ ምክንያቱም ቪቴብሉና ሲምቦሉ አሉ። ከላይ ያልኩትን በአንድ ደቂቃ የሚያረጋግጥልህ ይህ ነው።

ቀጥሎ ወደ ደህናው ግንባታ ተመለስና ኦብጅኮፒ የሚባለውን የባይናሪ ፋይል ማስተካከያ በ«-ኤን _ዜድቲቪ8አምባሰል» ተጠቅመህ የቪቴብሉን ሲምቦል ብቻ አውጣ። ስትሪፕ አትጠቀም፤ ዲበግ መረጃውንም ጠራርጎ ስለሚወስድ የቱ እንደተበጠሰ አይታወቅህም። የምትጠብቀው ማስጠንቀቂያ «ካንት ፋይንድ ሊንከር ሲምቦል ፎር ቨርቹዋል ቴብል» የሚለው ነው።

ሦስተኛው በሥራ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ነው። የአምባሰልን ፋይል ብቻ ያለ «-ጂ» ኮምፓይል አድርግ። ሲምቦሉ ይገኛል፣ ስሙም ይፈታል፣ ግን በድዋርፍ ውስጥ የሚመሳሰለው የለም፤ ስለዚህ «አርቲቲአይ ሲምቦል ኖት ፋውንድ ፎር ክላስ አምባሰል» ይልሃል። ይህ ማስጠንቀቂያ ስሙ ያሳስታል፤ አርቲቲአይ ጎድሎ አይደለም፣ የጎደለው የክላሱ ዲበግ መረጃ ነው። ሜይን የአምባሰልን ሄደር ቢያይ እንኳ አያድንህም፦ ጂሲሲም ክላንግም ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ቨርቹዋል ያለውን ክላስ ሙሉ መግለጫ የሚጽፉት ቪቴብሉ በሚወጣበት ፋይል ውስጥ ነው። ያ ፋይል ደግሞ ኢንላይንም ፒዩር ቨርቹዋልም ያልሆነው የመጀመሪያው ቨርቹዋል ፈንክሽን የተጻፈበት ነው። በክላንግ «-ኤፍ-ስታንድአሎን-ዲበግ»፣ በጂሲሲ «-ኤፍ-ኢሚት-ክላስ-ዲበግ-ኦልዌይስ» ይህን ቁጠባ ያስቀራሉ። የሌላ ሰው ላይብረሪ ሊንክ አድርገህ ታይፑ ሲጠፋብህ በመጀመሪያ እዚህ ተመልከት።

ያው ማስጠንቀቂያ በቴምፕሌትም ይመጣል። ከሲምቦሉ የተፈታው ስም «3ዩ» ሲል ድዋርፉ «3» ብቻ ካለ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ አንሳይንድ ቁጥር የሚቀበል አንድ ቴምፕሌት ክላስ፣ በፈንክሽን ውስጥ የተወለደ አንድ ክላስና ስም የሌለው ኔምስፔስ ውስጥ ያለ አንድ ክላስ ፈተናው ውስጥ ጨምር። ጂዲቢና ኮምፓይለሩ ቨርዥን በቀየሩ ቁጥር መልሰህ ልትሞክራቸው የሚገቡ እነዚህ ናቸው።

ሁለት ነገር ግን ስህተት መስሎህ እንዳትደናገጥ። በቅኝት ኮንስትራክተር ውስጥ ካቆምክ እውነተኛው ታይፕ «ቅኝት» ነው፤ ቪፖይንተሩ ወደ አምባሰል የሚዞረው የቅኝት ኮንስትራክተር ጨርሶ የአምባሰል ኮንስትራክተር ገላ ሊጀምር ሲል ነው፣ በዲስትራክተር ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቨርቹዋል ውርስ ካለ በግንባታው መካከል ሲምቦሉ «ኮንስትራክሽን ቪቴብል ፎር» ተብሎ ይጀምራል፤ ጂዲቢ የሚጠብቀው ቅድመ ቃል ስላልሆነ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሌላው ኮምፓይለሩን ኦፕቲማይዝ አድርግ የሚለው «-ኦ2» ነው፦ ተለዋዋጩ «ኦፕቲማይዝድ አውት» ሊሆን፣ ማንም የማያነበው ከሆነ ቪፖይንተሩ ጭራሹን ላይጻፍ ይችላል።

ብዙ ውርስን አትዝለል። አምባሰል ከቅኝት ሌላ «ቅጂ» የሚባል ቨርቹዋል ያለው ሁለተኛ ቤዝ ይኑረውና በቅጂ ፖይንተር ያዘው። ቅኝት ቪፖይንተርና አንድ ኢንት ብቻ ካለው ቅጂ 16ኛው ባይት ላይ ይቀመጣል፣ ኦፍሴት ቱ ቶፑም -16 ይሆናል። ፕሪንት ኦብጀክት ኦን ሲሆን ጂዲቢ ታይፑን «አምባሰል *» ከማለቱም በላይ የሚያትመው አድራሻ በ16 ማነስ አለበት። ፈተናህ ታይፑን አይቶ አድራሻውን ካላየ ግማሽ ነው።

ይህን ሁሉ በእጅ እየተየብክ አትድከም። ትዕዛዞቹን በፋይል ጻፍና «ጂዲቢ -ኤንኤክስ -ባች -ኤክስ ፋይሉ ፕሮግራሙ» ብለህ አስሮጥ። «-ኤንኤክስ» ግድ ነው፤ አለዚያ የራስህ ጂዲቢኢኒት ፋይል ፕሪንት ኦብጀክትን አስቀድሞ አብርቶት ፈተናው በውሸት ያልፋል። በአዳዲሶቹ ጂዲቢ «ሴት ዲበግኢንፎዲ ኢነብልድ ኦፍ» ጨምርበት፤ ኔትወርክ ሲዝል ዲበግ ፋይል ፍለጋ ወጥቶ እንዳይቆምብህ። ማስጠንቀቂያ የመውጫ ኮዱን አይለውጥም፣ የሚወጣውም በስታንዳርድ ኤረር በኩል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ውጽዓት ቀላቅለህ ጽሑፉን በግሬፕ ፈልግ። ከዚህ የሚሻለው ፓይተን ነው፦ «ጂዲቢ.ፓርስ_አንድ_ኢቫል» የሚመልሰው እሴት «ዳይናሚክ_ታይፕ» አለው፣ እሱ ደግሞ ፕሪንት ኦብጀክት ቢበራም ባይበራም ያው ነው። ስሙን ካነጻጸርክ በኋላ ካልገጠመ «ኲት 1» በል።

የጂዲቢን የራሱን ፈተና ለማስሮጥ ዴጃግኑና ኤክስፔክት የሚባሉ የፈተና ማስሮጫ መሣሪያዎች ያስፈልጉሃል። በግንባታው ጂዲቢ ማውጫ ውስጥ «ሜክ ቼክ» ብለህ «ቴስትስ» የሚለውን ተለዋዋጭ «ጂዲቢ.ሲፒ/አርቲቲአይ.ኢኤክስፒ» አድርግ። ውጤቱ ቴስትስዊት ማውጫ ውስጥ «ጂዲቢ.ሰም» ላይ፣ ዝርዝሩ «ጂዲቢ.ሎግ» ላይ ይጻፋል። የፌይሉን ቁጥር ብቻ አትቁጠር፦ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ካልተገኘ ፈተናው «አንቴስትድ» ወይም «አንሰፖርትድ» ተብሎ ይታለፋል፣ ፌይሉም ዜሮ ይሆናል። ፓሱ ከዜሮ በላይ መሆኑን አረጋግጥ።

ውጤትህን ስትልክልን የጂዲቢና የኮምፓይለሩን ቨርዥን ከማስጠንቀቂያው ሙሉ መስመር ጋር ላክ። ጂሲሲ ከ11 ጀምሮ ዲፎልቱን ድዋርፍ 5 ስላደረገ አሮጌ ጂዲቢ ከሆነ በ«-ጂድዋርፍ-4»ም ደግመህ ኮምፓይል አድርገህ የሁለቱን ልዩነት ጨምርልን።