ጥያቄና መልስ፦ ማልቀስ አለማመን ነው ወይ?

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ድንገተኛ መከራ የወደቀበት ክርስቲያን ሰላምንና ተስፋን ከወዴት ያገኛል? አምስቱን መርጬ፣ የጠያቂዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ልጄ በግጭቱ መሐል ከሞተብኝ ዓመት አልሞላውም። ይለብሰው የነበረው ባና እንደታጠፈ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ባየሁት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። ጎረቤቶቼ ግን ‹በቃሽ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ› ይሉኛል። ማልቀሴ ኃጢአት ነው?» (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እናቴ፣ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ወደ ቢታንያ የሄደው አልዓዛርን ሊያስነሣው ነበር፤ ሙቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመቃብር እንደሚወጣም ያውቅ ነበር። ይህን እያወቀ ማርያምና አብረዋት የመጡት ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ሲል ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 11 ጽፎልናል። ትንሣኤን በእጁ የያዘው ካለቀሰ፣ ትንሣኤን በተስፋ የምንጠብቅ እኛ ለምን እንከለከላለን? ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ያላቸው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም። ሕጉ የሚከለክለው ስለ ሞተ ሰው ብሎ ሥጋን መንጨትን፣ በራስ አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ነው።

ጎረቤቶችዎ ክፉ አስበው የተናገሩ አይመስለኝም፤ የሰው እንባ ሲበዛ መግቢያው ይጠፋናልና ቶሎ እንዲያበቃልን እንፈልጋለን። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በቆዩ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እርስዎም የሚመክርዎትን ሳይሆን አብሮዎት የሚቀመጠውን ሰው ይፈልጉ፤ ከሰው ሁሉ ሲለዩም ያው እንባ ጸሎት እንደሚሆንልዎት ይመኑ።

ስለ ባናው አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን «ቶሎ ከቤት አውጪው» የሚልዎት ሰው መኖሩ አይቀርም። አይቸኩሉ። ልብዎ የፈቀደ ዕለት በልጅዎ ስም ለሚበርደው ሰው ይስጡት፤ እስከዚያው መደቡ ላይ ቢቆይ እምነትዎን አያጎድለውም።

ጥያቄ፦ «ቤታችን ተቃጥሎ ከተፈናቀልን በኋላ አንድ ሰባኪ ‹ይህ የመጣው በኃጢአታችን ነው› ሲል ሰማሁ። እኛ ከሌላው ሰው የበለጠ ምን በደልን?» (ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ለጌታችንም ቀርቦለት ነበር ማለት ይቻላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንሥቶ፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ራሱ አይደለም ሲል መልሷል። ቀጥሎ ንስሐ ግቡ ማለቱ እውነት ነው፤ ትእዛዙ ግን የተሰጠው በሕይወት ቆመው ለሚሰሙት ሁሉ ነው እንጂ ግንቡ ለወደቀባቸው ተለይቶ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ በኃጢአትህ ነው ማለት፣ እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የገሠጻቸውን የኢዮብን ወዳጆች ሥራ መድገም ነው።

የራሳችንን አገር ታሪክ ማስታወስም ይጠቅማል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ተረሸኑ፤ ከእነርሱ የተለዩ ዲያቆናትም ወደዚሁ ወደ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተወስደው ተገደሉ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ለሮም ያስተላለፉት ቁጥር ከ400 በላይ ነው፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከሺህ ያሳልፉታል። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት፣ ሰው ለጸሎት የተሰበሰበበት ነበር። እነዚያን አባቶች በኃጢአታችሁ ነው የሚላቸው ማን ነው? ገዳሙ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም ቅዳሴው ይቀደስበታል።

«ታዲያ ለምን?» ብትለኝ ሙሉ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። የማውቀው፣ ምንም በደል ያልተገኘበት የእግዚአብሔር ልጅ ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ፣ ስለ ምን ተውኸኝ?» ብሎ መጮኹን ነው። ስለዚህ የአንተ ጩኸት ለእርሱ እንግዳ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ጣርማበር ላይ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። ዳዊቱን እከፍታለሁ፣ ፊደሉ ይጠፋብኛል። እንቅልፍም የለኝም።» (እኅት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እኅቴ፣ ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መልአኩን ላከለት፤ መልአኩም አልገሠጸውም፣ አልሰበከውም። እንጎቻና ውኃ አቅርቦለት «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በልቶም ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። የአንቺም ጸሎት ለጊዜው ከዚህ ይጀምር፤ ባትራቢም ጥቂት ቅመሺ፣ ባትተኚም ጋደም በዪ። ዳዊቱን መድገም ካልቻልሽ «አቤቱ፣ ማረኝ» ማለት ይበቃል፤ እርሱም ከጠፋብሽ የንስሐ አባትሽና ማኅበርተኞችሽ ስለ አንቺ ይጸልዩ። መዝሙር 87 (በሌላው አቆጣጠር 88) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጨነቀ ሰው ጩኸት ነው፤ የሚያበቃውም በጨለማ ነው። ያም ሆኖ ከዳዊት መዝሙር አልወጣም፤ ስለዚህ እንዲያ ያለ ጸሎትም ጸሎት ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካስቆጠረ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ መጠመቅና ሐኪም ቤት መሄድ አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ጥያቄ፦ «ወንድሜን የገደለውን ሰው አውቀዋለሁ። ይቅር ካላልኩ አልድንም?» (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ይቅር በሉ የሚለው ትእዛዝ የጌታ ነውና ላቀልልህ አልችልም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንለይ። ይቅርታ ሕግን ማስቀረት አይደለም፤ ገዳዩ በሕግ እንዲጠየቅ ብትፈልግ ክርስትናህን አልካድክም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 የከለከለው በራስ እጅ መበቀልን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ደም አልመልስም ብለህ መወሰን ነው፤ ጠመንጃ የሚያቀብልህ ዘመድ ቢመጣም እንቢ ማለት ነው። የልብ መብረድ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲመጡም ገና አልበረደልኝም ብሎ እውነቱን መናገር ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ «የአባቴ አርባ ደርሷል። ሠንጋ ለመጣል አቅም የለኝም፤ ዘመዶቼ ግን ተበደር ይሉኛል።» (ከአንኮበር)

መልስ፦ አትበደር። ለአባትህ የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉት ነዳያን አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ድስት ንፍሮ ብታቀርብ ተዝካሩን አውጥተሃል። ዘመዶችህ ካልተስማሙ ጉዳዩን ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና እሳቸው ያነጋግሩልህ፤ ከአንተ አፍ ሲሰሙት ስስት የሚመስላቸው ከእሳቸው ሲሰሙት ትምህርት ይሆንላቸዋል።