ማዕበል ሲነሳ ብቻ የሚጠፋ የጀልባ ሞተር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንባቢያችን 6 ሜትር ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ አለው። ሸራው በማይሆንበት ጊዜ የሚገላግለው ከኋላ የተሰቀለ ባለ 8 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ሞተር ነው። ባለ 25 ሊትሩ የፕላስቲክ ሰልባቲዮ (የነዳጅ መያዣው) ግማሽ ቤንዚን እንደያዘ ጀልባዋ ላይ ከርሟል። ሐይቁ ሲረጋ ሞተሩ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ ምንም አይለውም። ፀደይ ከገባ ወዲህ ግን ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል፣ ማዕበል ይነሳል። እሱም ሸራውን አውርዶ ሞተሩን ያስነሳል። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሠራና እየተንተፋተፈ ይጠፋል። መልህቅ ጥሎ ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ ይነሳለታል። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ ተፈቶ ታጥቧል። ካንዴላ ተቀይሯል። አዲስ ቱቦና ፊልትሮ ገብቷል። ለውጥ የለም።

ወንድሜ፣ ሰልባቲዮህ ውስጥ ውሃ አለ። ሳላየው እንዲህ ማለቴ ድፍረት ሊመስልህ ይችላል። የጻፍካቸው ምልክቶች ግን ሁሉም ወደዚያው ነው የሚያመሩት።

ተመልከት። ችግሩ የኤሌክትሪክ ቢሆን ሞተሩ እንደ መብራት ድርግም ይል ነበር እንጂ አይንተፋተፍም። የሰልባቲዮው መተንፈሻ ተዘግቶ ቢሆን በረጋውም ቀን ያቆምህ ነበር። ማዕበሉ ፕሮፔለሩን ከውሃ እያወጣው ቢሆን ደግሞ ሞተሩ ይጮህ ነበር። ጭነቱ ሲቀልለት ይፈጥናል እንጂ አይደክምም። ያንተ ሞተር ግን ሐይቁ ሲናወጥ ይታመማል፣ ሲረጋ ይድናል። ሲናወጥ የሚነሳ፣ ሲረጋ የሚተኛ ነገር ቤንዚኑ ውስጥ አለ ማለት ነው። መምጠጫው ቱቦ ከሰልባቲዮው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። በረጋ ቀን ውሃው ከሥሩ ተኝቶ ይቀራል፣ ቱቦውም ንጹህ ቤንዚን ይስባል። ጀልባዋ መንገጫገጭ ስትጀምር ውሃው ይነሳና አብሮ ይሳባል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። «ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ኋላ ተንጠልጥዬ የሞተሩን ክዳን እከፍታለሁ» ብለሃል። በማዕበል ውስጥ! ላይፍ ጃኬት መልበስ አለመልበስህን አልጻፍክም። ያልጻፍከው ስለማትለብስ ነው ብዬ ልገምት። የፀደይ ፀሐይ ፊትህን እያሞቀችው የሐይቁ ውሃ ገና የክረምቱን ብርድ እንደያዘ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ ያህል ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከዚያ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ እጅና እግሩ ይታዘዙታል። ብርዱ ራሱን እስኪያስተው ደግሞ ወደ 1 ሰዓት አለው። ያቺን ሰዓት የሚያገኛት ግን ጃኬት የለበሰ ብቻ ነው። ጃኬቱን መልበስ ያለብህ ከመነሳትህ በፊት ነው፣ ሞተሩ ሲጠፋ አይደለም።

አሁን ውሃው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

የወደብ ሰው ሁሉ «ጤዛ ነው» ይልሃል። ግማሽ ጎዶሎ ሰልባቲዮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን ያራግፋል፣ ውሃው ከዚያ ይጠራቀማል ይባላል። እስቲ እናስላው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙሉ በሙሉ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ውሃ 17 ግራም ገደማ ነው። ያንተ ሰልባቲዮ ባዶው ክፍል 12 ሊትር ቢሆን እዚያ ያለው እርጥበት በሙሉ 0.2 ግራም ነው። ጥቂት ጠብታ። ያውም አየሩ በየቀኑ ሁሉም አይለወጥም። እንዲህ እየተንጠባጠበ ሞተር የሚያቆም ውሃ እስኪጠራቀም ስንት ፀደይ ያልፋል?

እውነተኛው መንገድ ክዳኑ ነው። የክዳኑን ዙሪያ ልብ ብለህ እይ። አብዛኛው የፕላስቲክ ሰልባቲዮ እዚያ ላይ ጎድጎድ ያለ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያቁራል። ረፋዱን ፀሐይ መታችው እንበል፣ ውስጡ ያለው አየር 40 ዲግሪ ደረሰ። የፀደይ ነገር ነውና ከሰዓት በኋላ ድንገት ጠቁሮ ቀዝቃዛ ዝናብ ወረደ፣ ሰልባቲዮው 20 ዲግሪ ላይ ወረደ። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በዚህ ልዩነት ብቻ መጠኑ ከ6 በመቶ በላይ ይቀንሳል። 12 ሊትር ላይ 0.8 ሊትር ያህል ቦታ ይጎድላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የቤንዚኑም ተን ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የጎደለውን ቦታ አንድ ነገር መሙላት አለበት። መተንፈሻው ተጠብቆ ከታሰረ ያለው ቀዳዳ የደከመው የክዳን ጎማ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ጎማው ላይ የተኛው አየር ሳይሆን የዝናብ ውሃ ነው። ሰልባቲዮው ራሱ ውሃውን ስቦ ይጠጣዋል። አንድ የፀደይ ከሰዓት በኋላ የወራት ጤዛ የማያመጣውን ውሃ ያስገባል።

ቤንዚንህ ኤታኖል (አልኮል) የተቀላቀለበት ከሆነ ነገሩ ይብሳል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን በ15 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ሟሙቶ ይይዛል። ሌሊት ሲበርድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ያኔ ውሃው ይለያል፣ ኤታኖሉንም ይዞ ከታች ይተኛል። እንዲህ የተለያየውን ቤንዚን ብትበጠብጠው አይስተካከልም። መልሰህ ለማዳን አትድከም።

እሺ፣ ሥራው። ሰልባቲዮውን አውርደህ ወደ የብስ ውሰደው። ጀልባ ውስጥ ቤንዚን አትገልብጥ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። አየር በሚዘዋወርበት ሜዳ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀህ፣ ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን ቤንዚን ወደ ግልጽ የመስታወት ዕቃ አውጣ። ከላይ ያለው ምንም አይነግርህም። ሰልባቲዮውን ወደ አንድ ማዕዘን አዘንብለህ ከዚያች ማዕዘን በቀጭን ቱቦና በእጅ ፖምፓ ሳብ። በአፍህ እንዳትስበው። ዕቃውን ሳትነካው ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው። ከታች ጥርት ያለ መስመር ሠርቶ የተለየ ነገር ካየህ ውሃ ነው። መስመር ሳይኖረው ቤንዚኑ ሁሉ ደመና የመሰለ ከሆነም ያው ነው።

ቀጥሎ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርገህ የሚወርደውን ተቀበለው። እዚያም የውሃ እንክብል ታገኛለህ ብዬ እወራረዳለሁ። ካርቡሬተሩን ያጠቡልህ ሰዎች ሁለቱንም ጊዜ ይህን ውሃ ሳያዩት አልቀሩም። አይተው ጠርገውት፣ ያንኑ ሰልባቲዮ መልሰው ገጠሙልህ። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ውሃ ካርቡሬተር ውስጥ አይወለድም። ያገኘ ሰው ከየት መጣ ብሎ ወደ ኋላ መከተል ነበረበት።

የላክኸውን ፎቶም አይቼዋለሁ። አዲስ የተባለው ቱቦ የቤንዚን ቱቦ አይደለም። ጎኑ ላይ ምንም ጽሑፍ የለበትም። የነዳጅ ቱቦ ደረጃው ተጽፎበት ይመጣል። እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ጎማ ቤንዚን ሲጠጣ ይላላል፣ የውስጥ ሽፋኑ ይላቀቅና ሞተሩ ሲስብ እየታጠፈ መንገድ ይዘጋል። ከውጭ ብታየው ግን አዲስ ነው። በዚያ ላይ ሰፊ ማሰሪያ በግድ አጥብቀው ጎማውን ቆርጠውታል። በቆረጠው በኩል አየር ይስባል። መሃል ላይ ያለችው በእጅ የምትጨመቀው የጎማ ፖምፓም ከዚያው ከርካሹ መደርደሪያ የመጣች ትመስላለች። ውስጧ ያሉት ሁለት ቫልቮች ካልያዙ ብትጨምቃት ብትጨምቃት አትጠነክርም። ሦስቱንም አውጥተህ ጣል። ደረጃው የተጻፈበት ቱቦ፣ በልኩ የሆነ ማሰሪያ፣ ደህና ፖምፓ ግዛ። ስትገጥም የፖምፓዋ ቀስት ወደ ሞተሩ ይጠቁም።

ፊልትሮውንም ቀይረው። የገባልህ ቆሻሻ ብቻ የሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ፊልትሮ ነው፣ ውሃውን ያሳልፈዋል። የሚያስፈልግህ ውሃ የሚለይ፣ ከታች ማፍሰሻ ያለው ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ ነው። ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ሲጋደም አይለይም። ለ8 ፈረስ ሞተር በዛ የሚል ሰው ታገኛለህ። አትስማው።

የክዳኑ ጎማ የግድ ይቀየራል። ከተሰነጠቀ ወይም በጥፍርህ ስትጫነው ጉድጓዱ ካልተመለሰ አልቋል። ሰልባቲዮውን ባዶ አድርገህ በንጹህ ቤንዚን አለቅልቀው፣ ገልብጠህ አድርቀው። አሮጌውን ቤንዚን ሐይቅም መሬትም ላይ አትድፋ፣ ያገለገለ ነዳጅ ለሚሰበስቡ ስጥ። ከእንግዲህ ሰልባቲዮው ፀሐይና ዝናብ የማያገኘው ቦታ፣ መጠለያ ሥር ይቀመጥ። ስትጨርስ መተንፈሻውን ዝጋ፣ ስትነሳ ክፈት።

ከዚያ ፈትነው፣ ግን ሐይቁ መሃል አይደለም። ጀልባዋን ከፊትም ከኋላም መድረኩ ላይ አጥብቀህ እሰር። ከኋላ ውሃው ውስጥ ማንም እንዳይኖር። ጃኬትህን ልበስ፣ የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ ራስህ ላይ እሰር። ማርሽ አስገብተህ በመካከለኛ ጉልበት 15 ደቂቃ አሠራው። ባልዲ ውስጥ ያለ ጭነት ማሠራት ምንም አይነግርህም። እየሠራ ሳለ ጓደኛህ ሰልባቲዮውን ወዲያ ወዲህ ይወዝውዘው። ማዕበሉን እዚያው ሠራህለት ማለት ነው። እየተወዘወዘም ቀጥ ብሎ ከሠራ ተገላገልክ። ከተንተፋተፈ ወዲያው ፖምፓዋን ያዛት። ጠፍጣፋ ሆና ከተመጠጠች መንገዱ የተዘጋው ከሰልባቲዮው በኩል ነው። ላልታ እንደ ስፖንጅ ከሆነች አየር እየገባ ነው፣ መጋጠሚያዎቹን ፈልግ። በተለይ ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚሰካባት ቦታ ያለችውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጓን።

ሞተሩ ደህና ሆነ ማለት ግን ፀደይ ደህና ሆነ ማለት አይደለም። በዚህ ወቅት የብሱ ቶሎ ይሞቃል፣ የትልቅ ሐይቅ ውሃ ግን ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት ጸጥ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ዳር በሚነፍስ ነፋስ ይናወጣል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዳሩ አካባቢ ውሃው የተኛ ይመስልሃል፣ ወደ መሃል በገፋህ ቁጥር ግን ማዕበሉ ያድጋል። ስትመለስ ነፋሱ ፊት ለፊትህ ነው። የሐይቅ ማዕበል እንደ ውቅያኖሱ ሰፊና ዘገምተኛ አይደለም። አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ሰልባቲዮህን የሚበጠብጠውም እሱ ነው።

ስለዚህ ሞተሩን ሸራው ከወረደ በኋላ አታስነሳ። ደመናው ከታች ሲጠቁር፣ ወይም ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትህን ሲመታህ፣ ሸራው ገና እየሠራ ሳለ አስነሳው። ቀዝቃዛው ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከዝናቡ ይቀድማል። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ካመንከው ሸራውን አውርድ። ካላመንከው ሸራውን አሳንሰህ በሱ ተመለስ። መልህቁም ገመዱ ተፈትቶ ዝግጁ ይሁን። እንደገና ቢጠፋብህ መጀመሪያ መልህቅ ጣል፣ ከዚያ ብቻ ሞተሩን ንካ። ጃኬት ሳትለብስ ወደ ኋላ እንዳትንጠለጠል። ደግሜ ነው የምነግርህ።

አንድ ነገር ቀረ። ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ካልታየ፣ ቱቦውና ፖምፓዋም ተቀይረው እየተወዘወዘ አሁንም ከጠፋ፣ ሞተሩ ላይ ያለችውን የቤንዚን ፖምፓ ፍታ። ውስጧ ስስ የጎማ ሽፋን አለ፣ ወደ ብርሃን አቅንተህ ስንጥቅ ፈልግባት። መቀየሪያዋ ከነጋርኒሲዮኗ (ከማሸጊያዋ) ተሟልቶ ይሸጣል፣ ብሎኖቿን ፈትተህ ራስህ ትገጥመዋለህ። ካርቡሬተሩን ግን ማንም ሦስተኛ ጊዜ እንዳያስፈታህ።