ሰማያዊው ቤንዚን፦ ወንድሟ አውሮፕላን ነዳጅ ለሚቀዳ እህት

እህቴ፣ «ወንድሜ አዲስ አበባ የትናንሽ አውሮፕላን ነዳጅ ቀጂ ሆኖ ተቀጠረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ይመጣል። ነዳጁ እርሳስ አለው የሚባለው እውነት ነው? ለልጆቼስ ያሰጋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ያንኑ ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ።

እውነት ነው። አቭጋስ 100ኤልኤል ይባላል፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። በአንድ ሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይፈቀድለታል። በመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር በዓለም ላይ ቀርቷል፤ መጨረሻ ላይ የቀረችው አልጄሪያም በ2021 እ.ኤ.አ. አቁማለች። ትልልቆቹ ጄቶች የሚያቃጥሉት ከላምባ የሚቀራረብ ነዳጅ እርሳስ የለውም። ስለዚህ ከቤትሽ በላይ የሚያልፈው ትልቅ ጄት አያስጨንቅሽ፤ የሚያስጨንቀው ወንድምሽ ከሥራው ይዞት የሚመጣው ነው።

1. ቱታው ቤትሽ አይግባ። ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ እንዳይታጠብ። መሥሪያ ቤቱ እዚያው አጥቦ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ይጠይቅ ስልሽ ታዲያ ቀላል አይምሰልሽ። እኔ ጓንትና ቅያሪ ቱታ ስጠይቅ የአስተዳደሩ ሰውዬ ወረቀቴን ሳያነብ ገፋ አደረገና «ቤንዚን ነው እንጂ መርዝ ነው እንዴ? ካልተመቸህ በር ላይ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል» አለኝ። ሻዩን እያማሰለ! እኔም ከነዳጁ ጋር የሚመጣውን የደህንነት ወረቀት ኮፒ አደረግሁ። በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል የሚለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ከማመልከቻ ጋር አያይዤ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ በኔ ቅጂ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም ካልተመታ አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ማህተም ያለበት ነገር ያስፈራቸዋል። ጓንቱም ቱታውም መጣ፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ያኔ «ጭቅጭቅ ይወዳል» ሲሉኝ የነበሩት ናቸው ቀድመው የለበሱት።

2. ትርፍ ነዳጅ ይዞ እንዳይመጣ። ጠዋት ጠዋት ውኃ እንዳለበት ለማየት ከታንኩ ስር በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል። ያ ተጠራቅሞ ጀሪካን ይሞላል። ማደያው ሰልፍ በሆነ ቀን የባጃጅ ልጆች «እባክህ አምጣልን» ማለታቸው አይቀርም። አንድ ባልደረባችን አገሩ ወስዶት ወንድሙ ግቢ ውስጥ፣ ልጆች በሚጫወቱበት፣ በባዶ እጁ የሞተር ዕቃ ሲያጥብበት ከረመ። አሮጌ ካንዴላም ለልጅ መጫወቻ እንዳይሰጥ። ካንዴላ ስንፈታ ጫፉ ላይ ኑግ የሚያካክሉ ግራጫ የእርሳስ ፍሬዎች ተጣብቀው እናገኝ ነበር። በመርፌ ነገር ነው የምንለቅማቸው። ሞተሩ ውስጥ የቀረው ይሄን ያህል ከሆነ፣ በጭስ ማውጫው የወጣውን አስቢው።

ስለ ልጆቹ፦ ከስድስት ዓመት በታች ያሉት የበለጠ ይጎዳሉ። አእምሯቸውን ነው የሚነካው፣ ያውም ምንም ሳይታይባቸው። ትንሽ ቢሆን ግድ የለም የሚባል መጠንም የለም። «ወተት ያጥበዋል» የሚሉሽን አትስሚ። ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ ወደ ሰውነት የሚገባውን ይቀንሳል እንጂ የገባውን አያጥብም። መግባቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ወንድምሽ ደግሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በቤንዚን የሚታጠቡ አይቻለሁ።

«ለምን እርሳስ በሌለው አይቀይሩም?» ላልሽው፣ እኔም አለቃዬን ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ሮታክስ 912 የሚባለው የትናንሽ አውሮፕላን ሞተር እርሳስ ለሌለው ቤንዚን የተሠራ ነው። ላይካሚንግ ከሚባሉት የአውሮፕላን ሞተሮችም ብዙዎቹ ዩኤል91 የሚባለውን እርሳስ የሌለው ነዳጅ እንዲጠቀሙ አምራቹ ራሱ ፈቅዷል። አለቃዬ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ እርሳስ ወደሌለው ቀይሮ፣ የቫልቭ መቀመጫው እየተበላ ስላስቸገረው በወራት ውስጥ ወደ ድሮው መመለሱን ያነሳብኝ ነበር። ውሸት አይደለም። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአውሮፕላን እርሳስ ለጤና አደገኛ ነው ብሎ መወሰኑን ግን አያነሳም። በ2030 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሊያቆሙት ማቀዳቸውንም እንደዚያው። በናፍጣ ሞተር፣ በጄት ነዳጅ የሚበር ዲኤ40 ኤንጂ የሚባል አውሮፕላንም አለ። አዲስ የሚገዛ ድርጅት ምን ምክንያት አለው?

ብቻ ወንድምሽ በራሱ ሥልጣን የማደያ ቤንዚን እንዳይሞክር። ኢታኖል ከተቀላቀለበት የነዳጅ መስመሩን የጎማ ዕቃ ይበላል፤ እንደኛ ባለ ከፍታ ደግሞ ቤንዚኑ መስመር ውስጥ ተንኖ ሞተሩ አየር ላይ ሊጠፋ ይችላል።

የሞተሩን ስም ጠይቀሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ሮታክስ ከሆነ ለአለቃው የሚሰጠውን ደብዳቤ እኔ አዘጋጅለታለሁ።